ጥቁር አዝሙድና የአንጎል የጨረር ሕክምና

በወገዳ አገር፣ በጋይንትም ሆነ በስማዳና በእስቴ፣ ጥቁር አዝሙድ ለባለሞያ እመቤት እንግዳ አይደለም። ከበርበሬ ጋር ይወቀጣል፤ በድፎ ዳቦ ይገባል፤ ጉንፋን የያዘውም ሰው በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ ያሸተዋል። እንግዲህ ከቤተ ሰቡ አንዱ በአንጎሉ ዕጢ ተገኝቶበት ለጨረር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ እናቱ የአዝሙድ ዘይት ከስንቁ ጋር ብትቋጥርለት የሚያስደንቅ አይሆንም። ነገር ግን ይጠቅመው ይሆን ወይስ ይጎዳው? ሊቃውንት በዚህ ነገር የደረሱበትን ለአንባቢዎቻችን መግለጽ ወደድን።

አስቀድሞ ጨረር አንጎልን እንዴት እንደሚጎዳ ማወቅ ይገባል። ጨረሩ በሰውነት ውስጥ ያለውን ውሃ ሲመታ እጅግ ቁጡ የሆኑ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም ዲኤንኤ የተባለውን የሕዋሳት የዘር ቅርስ ይሰብራሉ። የነቀርሳው ሕዋስ የሚሞተው በዚህ ኀይል ነው፤ ዳሩ ግን ጤነኛው ጎረቤቱም አብሮ ይነካል። ይልቁንም ትዝታን የሚያደራጀው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ለጨረር ስስ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ካለፈ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ፣ መርሳትና የሐሳብ መዘግየት የሚያገኛቸው በሽተኞች አሉ።

ጥቁር አዝሙድ ቲሞኪኖን፣ እርድም ኩርኩሚን የተባለ ንጥረ ነገር አላቸው፤ ሁለቱም በቤተ ሙከራ እነዚያን ቁጡ ቅንጣቶች ሲያበርዱ ታይተዋል። በቱርክ አገር ያሉ ተመራማሪዎችም ራሳቸው በጨረር ለተመታ አይጦች የአዝሙድ ዘይትና ቲሞኪኖን ሰጥተው፣ በአንጎላቸው የደረሰው የኬሚካል ጉዳት አነስተኛ ሆኖ እንዳገኙት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 አሳትመዋል።

ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ሆኖም ለአይጥ የሠራ ሁሉ ለሰው አይሠራም። በሰው አንጎል ላይ ይህ ጥበቃ ገና አልተረጋገጠም። እርድም ቢሆን ሲበላ ኩርኩሚኑ ወደ ደም የሚገባው እጅግ በጥቂቱ ነው። ከሁሉ የሚያሠጋው ግን ጤነኛውን ሕዋስ የሚጠብቅ ነገር ነቀርሳውንም ሊጠብቅለት መቻሉ ነው፤ እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ የጨረሩ ድካም ከንቱ ይቀራል።

በሰው ላይ ተፈትኖ የጠቀመ ሌላ መንገድ አለ። ነቀርሳ ከሌላ አካል ወደ አንጎላቸው በተዛመተባቸው በሽተኞች ላይ፣ ጨረሩ ሂፖካምፐስን እንዲሸሽ ተደርጎ ሲሰጥ የማስተዋል ጉዳት መቀነሱን በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል።

የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገራችን ብቸኛው የጨረር ሕክምና ስፍራ ስለ ነበረ፣ ከወገዳ ለሚነሣ በሽተኛ መንገዱ ሩቅ፣ ወረፋውም ረጅም ነበር። እንዲህ ባለ ድካም የተገኘ ተራ በቅጠልና በዘይት ተስፋ ሊታለፍ አይገባም። በወጥና በዳቦ የሚገባው ጥቂት አዝሙድ የሚያስጨንቅ አይደለም። የተጨመቀውን ዘይት፣ ዱቄቱንና እንክብሉን ግን በሽተኛው ለሐኪሙ ሳያሳይ አይውሰድ፤ ከሚታዘዝለት መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ይችላልና። አስታማሚውም በስንቁ የተቋጠረውን ሁሉ ሳይሸሽግ ለሐኪሙ ይንገር፤ ሐኪሙ የሚረዳው ያወቀውን ያህል ነውና።