የኩራዝ ክር

ኩራዝን የማያውቅ የለም፦ ጣሳ፣ ክዳኑ ላይ የተተከለች ቀጭን ቱቦ፣ የጥጥ ክር፣ ላምባ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ባለሙያዎቹ ከባዶ የድልህ ጣሳ ሲሠሩት ቆሜ አይቻለሁ፤ እጃቸው ይባረክ። ልብ ሳንለው የቀረነው ክሩን ነው።

«ከማገዶ ጋር ሲተያይ የኩራዝ ጭስ ምን አላት?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዝም ማለት አልችልም። ያ ቢጫ ብርሃን ራሱ ጥላሸት ነው። ከላምባው ትነት የሚወለዱ የካርቦን ብናኞች ግለው ሲያበሩ ነው የምናየው። የነበልባሉ ጫፍ ላይ በቂ አየር ካገኙ ነደው ያልቃሉ። ክሩ ረዝሞ ከወጣ ግን ትነቱ ይበዛል፣ አየሩ አይበቃውም፤ ነበልባሉ ይሾልና ከጫፉ ጥቁር መስመር ይመዘዛል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንደ ኩራዝ ባለ መብራት ከሚነደው ላምባ በክብደት ከ7 እስከ 9 በመቶው ጥቁር ካርቦን ሆኖ እንደሚወጣ ለክቶ አሳይቷል፤ ቀድሞ ከተገመተው 20 እጥፍ ገደማ ነው። ጣሪያው ላይ የምናየው ጥቀርሻ ከፊሉ ነው። ቀሪው ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ለመግባት የሚበቃ ደቃቅ ሆኖ አየሩ ላይ ይንሳፈፋል።

ደግሞ ብርሃኑ ደካማ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ተማሪ አፍንጫውን ወደ ነበልባሉ ያስጠጋል። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ሳጠና ጠዋት ስናፈጥ መሐረቤ ይጠቁር ነበር። አያቴ እየመጣች «ዝቅ አድርገው ልጄ፣ ላምባዬን ጨረስክብኝ!» ትለኛለች። ያረረውን የክር ጫፍ በመቀስ እኩል ትቆርጥና ጥቁሩ መስመር እስኪጠፋ ወደ ታች ትስበዋለች። የምታስበው ለሳንቲሟ ነበር፤ ያተረፈችው ግን የኔን ሳንባ ጭምር ነው።

ፋኖስ ይሻላል፤ ብርጭቆው አየር እየሳበ ጥላሸቱን ያስነድደዋል። ብርጭቆው ሲሰበር ፋኖሱን ራቁቱን የምታበሩ ሰዎች ግን፣ እባካችሁ፣ ያ ፋኖስ መሆኑ ቀርቶ ትልቅ ኩራዝ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ላምባን ቤት ውስጥ ከማንደድ እንድንቆጠብ መክሯል፤ የፀሐይ መብራት የሚገኝበት ቤት ኩራዙን ዛሬውኑ ያሳርፍ። እስከዚያው መቀሱን ከኩራዙ አጠገብ አስቀምጡት፤ ክሩን ሳትቆርጡ አታብሩ።