ስለ ጥንታዊ ሥዕልና ስለ ባለቀለም መስታወት

በአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ የእንጨት ሥዕል አለ። ከብዙ ዘመን የጧፍና የዕጣን ጢስ የተነሣ ጠቁሯል። ባለፈው ዓመት ለበዓል ቤት ስናሰናዳ፥ አያቴን ደስ ላሰኛቸው ብዬ በሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ አሸሁት። ጢሱ ሲለቅ የእመቤታችን መጐናጸፊያ ሰማያዊ ቀለምም አብሮ ለቀቀ። አያቴ አልተቆጡም፤ ዝም አሉ። ይህም ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

ስለዚህ ዘንድሮ የታሪክ መምህራችን ክፍላችንን ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ሲወስዱን፥ ከሁሉ ይልቅ የተመለከትሁት የሥዕሎቹን አሠራር ነው። ሕንፃው የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲሆን በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠ ነው።

በዚያ ካሉት ሥዕሎች አንዳንዶቹ ከ500 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችን ክብር በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲጸና ስላደረጉ ሥዕሏ በዘመናቸው በረከተ። መነኵሴው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንም የዚሁ ዘመን ሰው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሳንቃው ይጠረባል፤ ነጭ ጄሶ ከሙጫ ጋር ተለውሶ ይቀባል፤ ሲደርቅም በላዩ በቀለም ይሣላል። ቀለሙ ከላይ የተቀመጠ ስለሆነ ውኃ ሲነካው ይነሣል። ስሕተቴ ምን እንደ ነበረ እዚያው ቆሜ ገባኝ።

ደግሞም የጥንት ሠዓሊዎች ጻድቃንን በሁለት ዓይን፥ ክፉዎችን ግን በጎን በአንድ ዓይን መሣል ልማዳቸው ነው። ይህ ባለማወቅ የመጣ ሳይሆን ለተመልካች የተሰጠ ትምህርት ነው።

ከቀትር በኋላ ወደ አፍሪካ አዳራሽ ሄድን። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ የተሠራው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በሦስት ክፍልም የአፍሪካን ያለፈ፥ የአሁንና የወደፊት ዕድል ያሳያል።

የባለቀለም መስታወት ጥበብ በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ከ800 ዓመት በፊት የገነነ ነው። መስታወቱ በእሳት ሲቀልጥ ማዕድን ይጨመርበታል፤ ኮባልት ሰማያዊ፥ መዳብ ደግሞ አረንጓዴ ወይም ቀይ ያደርገዋል። ከዚያም እየተቈረጠ፥ በጥንቱ ልማድ፥ በእርሳስ ማሰሪያ ይጋጠማል። ቀለሙ ከውስጡ የተዋሐደ ስለሆነ ቢታጠብ አይለቅም። በላዩ የሚሣለው የፊት መልክ እንኳ በእቶን ይተኰሳል። የእንጨቱን ሥዕል የምናየው ብርሃን ሲያርፍበት ነው፤ መስታወቱን ግን ብርሃን ሲያልፍበት። እኛ ቆመን ሳለ ደመና ፀሐይዋን ቢጋርዳት፥ ቀዩ ሁሉ እንደ ጠፋ ፍም ሆነ፤ ወዲያው ደግሞ በራ።

ማታ ይህን ሁሉ ለአያቴ ነገርኋቸው። «እንግዲያስ ከነጢሱ ይኑር» አሉኝ። ጧፉን ግን ከሥዕሉ አራቅነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ በየቤታችሁ አሮጌ ሥዕል ቢኖር ጠቁሯል ብላችሁ አትጠቡት፤ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። የእኛ ትጋት በአንድ ቀን የሚያጠፋው ብዙ ዘመን የጠበቀውን ነውና።