በሩ ሕግ አለው

ለአርትዖት ከሚደርሱኝ የምናባዊ ልብወለድ ረቂቆች ውስጥ ወደ ሌላ ዓለም የሚያሻግር በር የሌለበትን ማግኘት እየከበደ መጥቷል። እንጦጦ ላይ ያለ ዋሻ፣ የአያት ቤት ቁም ሣጥን፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ያለች ጓዳ፣ ጣና ደሴት ላይ የፈረሰ ግንብ፣ የስልክ ስክሪን። ወጣቶቹ ደራስያን ረቂቃቸውን በቴሌግራም ሲልኩልኝ አብረው የሚጽፉልኝ ማብራሪያም ብዙ ጊዜ ስለ በሩ ነው፤ ብርሃኑ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ ሲከፈት ምን እንደሚሰማ፣ ባለታሪኩ ሲያልፍ ሰውነቱን ምን እንደሚነዝረው። እኔ ይህን በፍጥነት አልፈዋለሁ። ህዳጉ ላይ የምጽፋቸው ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፦ ይህ በር ማንን ያሳልፋል? ማንን ይከለክላል? ከሰውየው ጋር አብሮ የሚያልፈው ምንድን ነው? የሚዘጋውስ መቼ ነው?

ይህን ሁሉ የምጠይቀው በሩን የታሪኩ ሕግ አድርጌ ስለማየው ነው። ሕጉ ደራሲው ሊመረምረው ከተነሣው ጉዳይ ካልተወለደ በሩ ቢከፈትም ባይከፈትም ለውጥ አያመጣም። ባለታሪኩን በአውሮፕላንም መላክ ይቻል ነበር።

አንዲት ደራሲ ያመጣችልኝ ረቂቅ ጥሩ ማሳያ ነው። በሩ ያለው መርካቶ፣ የቅመማ ቅመም ነጋዴ ከሆነች ሴት ሱቅ ጀርባ ባለ መጋዘን ውስጥ ነው። ከበርበሬው ጆንያ ኋላ ያለችው ቆርቆሮ ገለል ስትል ማዶው ይታያል፤ ወንዝ የበዛበት፣ ሰዎቹ ሰላማውያን የሆኑበት፣ ጨው ግን ጨርሶ የሌለበት አገር። ባለታሪኳ የነጋዴዋ የእህት ልጅ ናት። ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች፣ ጓደኛ ታፈራለች፣ ጭራቅ ትገድላለች። አጻጻፉ ያምራል፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ይፈስሳሉ። እኔ ግን ህዳጉ ላይ የጻፍኩት «ጨው የሌለው አገር መርካቶ መጋዘን ውስጥ ተከፍቶ ጎረቤት ባለ ሱቁ ምን ያደርጋል?» ብዬ ነበር።

ስንገናኝ፣ «ጋሼ፣ አንባቢ ይሄን ሁሉ ይጠይቃል እንዴ?» አለችኝ።

«መርካቶን የሚያውቅ አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ ይጠይቅሻል» አልኳት።

ጨው በዘፈቀደ የገባ ዕቃ መሆን የለበትም። በእኛ አገር የጨው ታሪክ የርቀት ታሪክ ነው። ከአፋር ረባዳ ምድር ተቆርጦ በግመል ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ለብዙ መቶ ዓመታት በገንዘብነት አገልግሏል፤ ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። ያንን ዋጋ የሚሠራው መንገዱ፣ የግመሉ ድካም፣ የየኬላው ቀረጥ፣ የሽፍታው ስጋት ነው። በር ደግሞ መንገድን ያጠፋል። አንድ ሰው ተሸክሞት በቆርቆሮዋ በኩል የሾለከ ጆንያ ጨው እዚያ ማዶ ምን ያወጣል? የመጀመሪያው ደላላ ማን ነው? በሩ ላይ መጀመሪያ ቁልፍ ያንጠለጠለውስ? ያ ሰላማዊ አገር ጨው ለመግዛት ሲል ምኑን መሸጥ ይጀምራል? ደግሞም ከጨው ጋር የሚያልፍ አለ። የአውሮፓ መርከቦች አሜሪካ ሲደርሱ ፈንጣጣ አብሮ ተሻግሮ፣ በሽታውን አይቶት የማያውቀውን ሕዝብ ፈጅቷል። የልጅቱ ጉንፋንስ? እዚያ ያለው ሕዝብ እንዲህ ዓይነት ጉንፋን ያውቃል?

ደራሲዋ ሁሉንም አልተቀበለችኝም፤ መቀበልም አልነበረባትም። ጉንፋኑን ተወችው፣ ጨውን ያዘች። በሁለተኛው ረቂቅ ጭራቁ ጠፍቶ አክስቷ ጎልታ ወጣች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የቤት ኪራይ አለባት፣ ዕቁብ ትጥላለች፣ የእህቷን ልጅ ታሳድጋለች። ቆርቆሮዋ ላይ ቁልፍ ያደረገችው እሷ ናት። የልጅቱ ግጭት ከዚያ በኋላ ከምትወዳትና ከምታሳድጋት ሴት ጋር ሆነ። ታሪኩም ጭብጥ ያዘ።

ወጣቶቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠቅሱልኝ የሲ.ኤስ. ሉዊስን ቁም ሣጥን ነው፤ ብዙዎቹ በፊልሙ። «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሣጥኑ» በ1950 ሲታተም (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቁም ሣጥኑ ለምን ናርኒያ ወደሚባለው ሌላ ዓለም እንደሚያሻግር አልተነገረም። እንጨቱ ከናርኒያ በመጣ ፖም ዘር ከበቀለ ዛፍ የተጠረበ መሆኑን ሉዊስ የገለጠው በ1955 ባሳተመው «የአስማተኛው የእህት ልጅ» ነው። አንባቢ አምስት ዓመት ያለ ማብራሪያ አንብቧል፣ ወዷል። በሩ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ለአንባቢ አስቸኳይ ጉዳይ አይደለም። ጠባዩን ማወቅ ግን አለበት፤ ሉዊስም ጠባዩን ከመጀመሪያው አሳይቶናል። ከልጆቹ አንዷ ሉሲ ሳታስበው ስትገባ ይከፈትላታል። ወንድሞቿና እህቷ እንዲያዩላት ስትወስዳቸው ግን የሚያገኙት የቁም ሣጥን ጀርባ ብቻ ነው። አራቱም አብረው የሚያልፉት ቤቱን ሊጎበኙ ከመጡ እንግዶች ሲሸሹ፣ ናርኒያን ፈጽሞ ባላሰቡበት ሰዓት ነው። መጨረሻ ላይም ሽማግሌው ፕሮፌሰር፣ በዚያው መንገድ እንመለስ ብላችሁ አትድከሙ፣ የሚመጣው ሳትፈልጉት ነው ይላቸዋል። ለፈላጊ የማይከፈት፣ ለተጠራ የሚከፈት በር ነው። ሉዊስ የሚጽፈው ስለ ጸጋ ነው፤ ጸጋ ደግሞ በፈላጊው ጉልበት አይገኝም። በሩና ሃሳቡ አንድ ሥጋ ሆነዋል።

ከሉዊስ በብዛት የሚቀዳው የጊዜው ልዩነት ነው። ልጆቹ ናርኒያ ነግሠው፣ አድገው፣ ለብዙ ዓመታት ኖረው ሲመለሱ እንግሊዝ አገር ያለው ሰዓት ፈቀቅ አላለም። ብዙ ረቂቆች ይህን ይወስዱና ባለታሪኩ ጀብዱውን ጨርሶ ለእራት ይደርሳል። ሉዊስ ግን በሚቀጥለው መጽሐፍ ሒሳቡን አስከፍሏል። እንግሊዝ አገር አንድ ዓመት ሲያልፍ ናርኒያ ከሺህ ዓመት በላይ አልፎባታል፤ ልጆቹ ሲመለሱ የሚያገኙት የነገሡበትን ግንብ ፍርስራሽ ነው። የሚያውቁት ሰው ሁሉ ሞቷል። ፍርስራሹን የማይጽፍ ደራሲ የጊዜውን ልዩነት ባይበደረው ይሻላል።

የኤች.ጂ. ዌልስ «በግንቡ ላይ ያለው በር» በ1906 የታተመ አጭር ልብወለድ ነው፤ ለአዳዲስ ደራስያን ሁልጊዜ የማስነብበው እሱን ነው። ዋላስ የሚባል ሰው በልጅነቱ ለንደን ውስጥ በነጭ ግንብ ላይ አረንጓዴ በር አግኝቶ ገብቶ ነበር፤ ውስጡ የአትክልት ቦታ፣ ደስታና ፍቅር ነው። ካደገ በኋላም በሩ በሕይወቱ መንገድ ላይ ደጋግሞ ብቅ ይላል። ግን የሚመጣው ለኦክስፎርድ ነጻ የትምህርት ዕድል ሲጣደፍ፣ በፖለቲካው ወሳኝ ሰዓት ላይ ሲሆን፣ አባቱ ሊሞት ሲያጣጥር ነው። ዋላስ በየጊዜው አይቶት ያልፈዋል። በሩ ተቆልፎ አያውቅም፤ የተቆለፈው የሰውየው ቀን ነው። መጨረሻውን አልናገርም። ሁለት ዓለም ለመፍጠር ሦስት ቅጽ እንደሚያስፈልግ ለሚያስብ ደራሲ ይህች አጭር ታሪክ መልስ ናት።

ፊሊፕ ፑልማን ግን እጅግ ያስጨንቀኛል። በ1997 በወጣው «ስውሩ ቢላዋ» ውስጥ ዊል የሚባለው ልጅ አየርን ቀዶ ወደ ሌላ ዓለም መስኮት የሚከፍት ቢላዋ ይወርሳል። ለታዳጊ አንባቢ ከዚህ የሚበልጥ ምኞት የለም። በየትኛውም ሰዓት፣ ወደ ፈለገበት። ሉዊስ የነፈገውን ሥልጣን ፑልማን ለልጁ እጅ ይሰጠዋል። ከዚያ በ2000 በወጣው የተከታታዩ የመጨረሻ ቅጽ ዋጋው ይነገራል። ቢላዋው መስኮት በከፈተ ቁጥር የአዋቂዎችን ነፍስ የሚበላ አንድ ረቂቅ ፍጡር ይወለዳል፤ ክፍት በቀሩት መስኮቶችም ለዓለማት ሁሉ ሕይወት የሚሆነው ነገር እየፈሰሰ ያልቃል። ስለዚህ ሁሉም ይዘጋሉ። አንድ ብቻ ክፍት ሊቀር ይችላል፤ ዊልና ላይራ የምትባለው ልጅ ደግሞ ተዋድደዋል፣ የተለያየ ዓለም ልጆች ናቸው፣ ከራሱ ዓለም ውጭ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ይታመማል፣ ይሞታል። ያንን አንዱን መስኮት ለራሳቸው ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። ሙታን ከሙታን አገር እንዲወጡበት ይተዉታል። ያስጨነቀኝ ሐዘኑ ብቻ አይደለም። ፑልማን ሕጉን ያወጣው ልጆቹን ለማስለቀስ ቢሆን ኖሮ አንባቢ ይነቃበት ነበር። ነፍስ በላዎቹ ገና ከሁለተኛው ቅጽ አንድ ሙሉ ከተማ አዋቂ አልባ ሲያደርጉ አይተናል፤ ከየት እንደመጡ ብቻ አልገባንም። ዕዳው ከመጀመሪያው ተጽፎ ነበር። የበር ሕግ ከመቶኛው ገጽ በኋላ ሲፈጠር ማታለል ይሆናል፤ ቀድሞ ተዘርቶ መቶኛው ገጽ ላይ ሲገለጥ ግን አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ያነብበዋል።

ስለ ሞሲን ሐሚድ «ኤግዚት ዌስት» ስናወራ ከወጣቶቹ ጋር የምንከራከርበት ምክንያት ሌላ ነው። በ2017 የወጣው ይህ ልብወለድ ስሟ ባልተጠቀሰ፣ ጦርነት በገባባት ከተማ ይጀምራል። ተራ በሮች ድንገት ጥቁር ሆነው ወደ ሌላ አገር ያሻግራሉ። ሳኢድና ናዲያ ለደላላ ከፍለው፣ በተተወ የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ ውስጥ ባለ በር ሚኮኖስ ደሴት ይደርሳሉ፤ ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ ካሊፎርኒያ። ወደ ሀብታም አገር የሚወስዱት በሮች በጠባቂ የታጠሩ ናቸው፤ ከድሃ አገር የሚያስገቡት ግን አብዛኞቹ ጠባቂ የላቸውም። ጀልባ የለም፣ በረሃ የለም። በመተማ አድርጎ ወደ ሊቢያ የሄደ ወንድም፣ በኦቦክ ባሕር ተሻግራ የመን የገባች እህት ያለው አንባቢ ግን ይህን ሲያነብ ቅር ይለዋል፤ መንገዱ የታሪኩ ግማሽ ነውና። አንድ ወጣት ደራሲ በቁጣ «መንገዱን ሰረዘው» ብሎኛል፤ ቁጣው ይገባኛል። እኔ ግን ሐሚድ ልክ ነው ባይ ነኝ። መንገዱ ሲኖር ዓለም የሚያየው መንገዱን ብቻ ነው፤ ጀልባው ሲሰምጥ ያዝናል፣ ያልሰመጠው ሲደርስ ዓይኑን ያነሳል። ሐሚድ ባሕሩን አንሥቶ የቀረውን ሰው ብቻ እንድናይ አስገደደን፦ የማያውቀው ሰፈር ያደረውን፣ ቤት የሚፈልገውን፣ ፍቅሩ ቀስ እያለ የሚላላውን። በሩ የሚሰርዘውን ነገር መምረጥም ሕግ ማውጣት ነው።

ፋራ ሜንድልሰን የተባለችው ሐያሲ በ2008 ባወጣችው ጥናት እንዲህ ያሉትን የበር ታሪኮች ከሌሎች የምናባዊ ልብወለድ ዓይነቶች ለይታ አስቀምጣለች። ከትንታኔዋ ለሥራዬ የጠቀመኝ አንድ ነገር ነው፤ ባለታሪኩ አዲሱን ዓለም የሚያውቀው አስረጂ በነገረው ልክ ስለሆነ አንባቢም አስረጂውን ለማመን ይገደዳል። ነጭ ጺም ያለው ሽማግሌ በሩ ሥር ቆሞ የአገሩን ታሪክ ለአምስት ገጽ ሲተርክ ባየሁ ቁጥር ህዳጉ ላይ «ይህ ሰው ቢዋሽስ?» ብዬ እጽፋለሁ።

ወደ ራሳችን ስመጣ የሚገርመኝ ደራስያኑ በር ፍለጋ ሩቅ መሄዳቸው ነው። ሙሉ ቃሉ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ በሮች ሞልተውታል። ፀሐይ በምሥራቅ ካሉት ስድስት በሮች ትወጣለች፣ በምዕራብ ባሉት ስድስት ትገባለች። በመጀመሪያው ወር የምትወጣው በአራተኛው በር ነው፤ ሠላሳ ጧት በዚያው ትወጣና ወደ አምስተኛው ታልፋለች፤ ቀኑና ሌሊቱ የሚረዝመውና የሚያጥረው በዚህ ሥርዓት ነው። በየበሩ የቀኑ ልክ የተቆጠረበት ዓለም ነው። በሌላ በኩል ብሔረ ብፁዓን አለ፤ በገዳማዊው ዞሲማስ ታሪክ ወደዚያ የሚያግድ ወንዝና የደመና ግድግዳ አለ፣ መናኙን አንሥቶ የሚያሻግረውም ራሱን ዝቅ ያደረገ ዛፍ ነው። ጳጉሜ 3 ደግሞ ርኅወተ ሰማይ ነው፤ ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ተብሎ፣ ያን ዕለት የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነውና ሕፃናት ይታጠቡበታል። ዕለቱ በታወቀ ቀን የሚከፈት በር ያለው ሕዝብ ነን።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ረቂቅ ከዚህ የተነሣ ነው። በሩ የሚከፈተው ጳጉሜ 6 ብቻ ነው፤ ያ ቀን ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ይመጣል። ጧት የገባ ማታ ካልተመለሰ ሌላ አራት ዓመት ይጠብቃል። ባለታሪኩ በስድስት ዓመቱ እዚያ የቀረች እናቱን እየጠበቀ ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ተነግሯል፣ ጉዳዩም መጠበቅ ነው፤ የሚጨመርበት የለም። የምንከራከረው ስለ ሦስተኛው ጳጉሜ ነው። ልጁ አሥራ አራት ዓመት ሞልቶታል፣ ቤተሰቡ ከተማ ለቅቆ ሊሄድ ነው፣ እናቱም በሁለተኛው አልመጣችም። ደራሲው በዚህኛው ልጁ ራሱ እንዲገባ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ አያቱ ትግባ እላለሁ፤ እስካሁን አንድም ቃል ሳትናገር በየጳጉሜው ከልጁ ኋላ ቆማ የምትጠብቅ አሮጊት ናትና፣ አራት ዓመት ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ከልጁ ይልቅ ታውቃለች። ደራሲው እያሰበበት ነው።