ደሙ ሲመለስ

በ1940 እና በ1941 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ፣ የሃመርስሚዝ ሆስፒታሉ ሐኪም ኤሪክ ባይዋተርስ ግራ የሚያጋባ ነገር አስተዋለ። እግራቸው ለሰዓታት በፍርስራሽ ተጭኖ የቆየ ሰዎች ከነነፍሳቸው ይወጣሉ፤ ሲወጡም ያን ያህል የተጎዱ አይመስሉም። ብዙም ሳይቆይ ግን ተጭኖ የነበረው እግር ያብጣል፣ የደም ግፊታቸው ያሽቆለቁላል፣ ሽንታቸው ይጠቁራል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ኩላሊታቸው ሥራ ያቆማል። ባይዋተርስ ከባልደረባው ጋር በ1941 የጻፈው ስለ አራት እንዲህ ያሉ ሕሙማን ነበር። ድንጋዩ ሲነሳ ደም ወደተጎዳው ጡንቻ ይመለሳል፤ በጡንቻው ውስጥ የተጠራቀመውን መርዝም ይዞ በመላ ሰውነት ይሠራጫል።

ነገሩ በጡንቻና በኩላሊት ብቻ አይቆምም። ደም የተቋረጠበት ማንኛውም ሕዋስ አሲድ ይጠራቀምበታል፤ ሶዲየምና ካልሲየም ይገቡበታል። ደሙ ሲመለስ ደግሞ፣ ለቀናት እህል ያልቀመሰ ሰው ባንድ ጊዜ ጠግቦ በልቶ እንደሚወድቀው፣ የናፈቀው ኦክስጅን ራሱ ጠላት ይሆንበታል። የሕዋሱ ጉልበት ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ጎጂ የኦክስጅን ውሁዶችን ያመነጫል፤ ካልሲየም ያጥለቀልቀዋል፤ በሽፋኑ ላይ ቀዳዳ ይከፈትና ሕዋሱ ይሞታል። ከዚህ አብዛኛው የሚሆነው ደሙ በተመለሰባቸው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ሆኖም ደሙ ካልተመለሰ ጡንቻው መሞቱ አይቀርም፤ ሐኪም ምርጫ የለውም።

በ1986 በዱክ ዩኒቨርሲቲ የሮበርት ጄኒንግስ ቡድን ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። የውሻ የልብ ደም ስር 5 ደቂቃ ዘግተው 5 ደቂቃ ለቀቁት፤ ይህንኑ አራት ጊዜ ደጋገሙት፤ ከዚያ 40 ደቂቃ ዘጉት። አስቀድሞ እንዲህ በተለማመደው ልብ ላይ የሞተው ጡንቻ፣ ካልተለማመደው ጋር ሲነጻጸር ሩቡ ያህል ብቻ ነበር። ግኝቱ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን የሰውን የልብ ደም ስር ለልምምድ ብሎ የሚዘጋ ማን አለ?

መልሱ ከሰመመን ክፍል መጣ። በ1988 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሃሎቴንና አይሶፍሉሬን የተባሉት የሚተነፈሱ ማደንዘዣዎች የተሰጣቸው የውሾች ልብ ከደም መቋረጥ በኋላ ቶሎ እንደሚያገግም አሳዩ። በ1997 ደግሞ አይሶፍሉሬን ደም ስሩን ደጋግሞ እንደመዝጋት ያህል ልብን እንደሚያዘጋጅ ታወቀ፤ የሚሠራውም የተወሰኑ የፖታሲየም መተላለፊያዎችን በመክፈት ነው ተባለ። ማስረጃው ግሊቤንክላማይድ ነበር። ይህን ክኒን ለስኳር በሽታ የሚወስዱ ሰዎች በኛም አገር ሞልተዋል። መተላለፊያዎቹን ስለሚዘጋ፣ እሱ ሲሰጥ የማደንዘዣው መከላከያ ይጠፋል።

አሁን ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል እንግባ። የታማሚው ደረት ተከፍቷል፤ ደሙን የሚያዘዋውረው የልብና የሳንባ ማሽኑ ነው። ዋናው ደም ስር በክላምፕ ተይዟል፤ ልቡ በፖታሲየም ፈሳሽ እንዲቆም ተደርጓል። ከራስጌው ቢጫ ምልክት ያለበት መሣሪያ ሴቮፍሉሬን እያተነነ ይሰጣል፤ ወይም በመርፌ ቱቦ እንደ ወተት የነጣ ፕሮፖፎል በደም ስር ይገባል። ሥራው ሲያልቅ ክላምፑ ይለቀቃል፤ ትኩስ ደም ልቡን ያጥባል፤ ልቡ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ምት ይይዛል። ጥያቄው ሁሉ ያለው በዚህች ደቂቃ ላይ ነው፦ የሚተነፈሰው ይሻላል ወይስ በደም ስር የሚገባው?

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስቴፋን ደ ሄርት በቤልጂየም በልብ ቀዶ ጥገና ሕሙማን ላይ ሲያወዳድር ሚዛኑ ወደ ሴቮፍሉሬን ያደላ መሰለ፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሰው ትሮፖኒን አነስ ብሎ ታየ። (ፕሮፖፎልም ጠበቃ አላጣም፤ ኬሚካላዊ ቅርጹ ቫይታሚን ኢን ይመስላልና ጎጂ የኦክስጅን ውሁዶችን ያመክናል የሚሉ ነበሩ።) በ2007 የሚላኑ ጆቫኒ ላንዶኒና ባልደረቦቹ በ1,922 ሕሙማን ላይ የተደረጉ 22 ጥናቶችን አንድ ላይ ደመሩ። ሞቱ የሚተነፈስ ማደንዘዣ ከወሰዱት 0.4 በመቶ፣ ካልወሰዱት 1.6 በመቶ ሆነ። ባራት እጥፍ ማለት ነው! የሰመመን ባለሙያ የልብ ጠባቂም ሆነ ተባለ።

መቶኛውን ትተን ሰዎቹን እንቁጠር፦ 4 ሞት ባንድ ወገን፣ 14 በሌላ ወገን። ያ ሁሉ ተስፋ የተንጠለጠለው በ18 ሰዎች ሞት ላይ ነበር። ጥቂቶቹ ሌላ ወገን ላይ ቢወድቁ ወሬው ይለወጥ ነበር። በእኔ አስተያየት ላንዶኒ ሊመሰገን የሚገባው በዚህ ነው፤ ስሙን ያስጠራውን ውጤት ራሱ ለፈተና አቀረበው። ማይሪያድ የተባለው ጥናት 5,400 የልብ ቀዶ ጥገና ሕሙማንን በ13 አገሮች በሚገኙ 36 ሆስፒታሎች መዘገበ። በ2019 ውጤቱ ወጣ። በዓመቱ የሞቱት በሚተነፈሰው ወገን 2.8 በመቶ፣ በሌላው 3.0 በመቶ። ልዩነት የለም። ቢቀጥልም መልሱ አይለወጥም ተብሎ ጥናቱ ከታቀደለት ቀድሞ ቆመ።

ታዲያ ውሻው ዋሸ ወይ? አልዋሸም። የሙከራ እንስሳው ወጣትና ጤነኛ ነው፤ አንድ ደም ስር ይዘጋበታል፣ ሌላ በሽታ የለበትም። በቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ የሚተኛው ሰው ግን ዕድሜው የገፋ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት፣ ብዙ ክኒን የሚወስድ ነው፤ ከነዚያ ክኒኖች መካከል ያው ግሊቤንክላማይድ ሊኖር ይችላል። ልቡ ደግሞ በፖታሲየም ፈሳሹ አስቀድሞ ተጠብቋል። በተጠበቀ ላይ የሚጨመር ጥበቃ ብዙም አይታይም። በ2015 ክንድን በደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ ደጋግሞ በማሰር ልብን ማዘጋጀት የሞከሩ ሁለት ትላልቅ የአውሮፓ ጥናቶችም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በእነዚህ ሁለት ጥናቶች አብዛኞቹ ሕሙማን ፕሮፖፎል መውሰዳቸው ጥቅሙን ሸፍኖት ይሆን የሚለው ጥርጣሬ ዛሬም አልተፈታም።

ይህን ውጤት እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት ስህተት ይሆናል። በማይሪያድ የታዩት የልብ ደም ስራቸው የጠበበባቸው ጎልማሶችና አረጋውያን ናቸው፤ በኛ አገር የልብ ቀዶ ጥገና ወረፋ የሚይዙት ግን በአብዛኛው አብሮ የተወለደ የልብ ችግር ያለባቸው ሕፃናትና በሩማቲክ በሽታ ቫልቫቸው የተበላሸ ወጣቶች ናቸው። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ሲሠራበት የኖረው ሃሎቴንም በጥናቱ አልተካተተም። ኩላሊት ንቅለ ተከላም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 ተጀምሯል፤ ከለጋሹ ወጥቶ ያለ ደም የቆየ ኩላሊት ክላምፑ ሲለቀቅለት የሚገጥመው ያው የደም መመለስ ጣጣ ነው። በዚህ ላይ የተሠሩት ጥናቶች ትንንሾች ናቸው፤ ከ2007ቱ ድምር የተማረ ሰው ደግሞ በትንንሽ ቁጥር አይቸኩልም።

ለአውሮፓ ግን መልሱ ሌላ በር ከፍቷል። ዴስፍሉሬን የተባለው የሚተነፈስ ማደንዘዣ በሙቀት አማቂነቱ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በሺህዎች እጥፍ ይበልጣል። ስኮትላንድ በ2023 ከሆስፒታሎቿ አስወጣችው፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከጥር 2026 ጀምሮ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ካልሆነ በቀር አገደው። ልብን ያድናል የሚለው ቃል ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ሕግ ለማውጣት ብዙ ሙግት ይጠይቅ ነበር።