ማክሮ የማያየው ቀይ

በኤክሴል ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ የሚመጣ ቀለም የሴሉ የራሱ አይደለም፤ ደንቡ ከላይ የሚደርበው ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የተተከለው የረጲ ኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። የየቀኑ ገቢ በሚመዘገብበት ሰንጠረዥ ከዚህ ያነሰው ሁሉ ይቅላ ተብሎ ደንብ ቢወጣ፣ ኢንቲሪየር.ከለር የሚለው የማክሮ ትእዛዝ የቀላውን ሴል 16777215 ብሎ ያነበዋል፤ ነጭ ማለት ነው። ዓይን የሚያየውን የሚሰጠው ከኤክሴል 2010 ጋር የመጣው ዲስፕሌይፎርማት.ኢንቲሪየር.ከለር ነው፤ ለተለመደው ፈዛዛ ቀይ 13551615 ይመልሳል። የሚያናድደው፣ ይኸው ትእዛዝ ሴል ውስጥ ከሚጻፍ ብጁ ፎርሙላ ሲጠራ የቫልዩ ስህተት ማምጣቱ ነው፤ ስለዚህ የቀሉትን ሴሎች መቁጠር በአዝራር ለሚነሣ ማክሮ ይተዋል። ደንቡ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ቀለም ማሳደድ ትርፉ ድካም ነው፤ ከ1,400 በታች የሆኑትን ካውንትኢፍ ያለ ማክሮ ይቆጥራቸዋል።