በብርሃን ስለሚቈርጥ መሣሪያና ስለ ተናቀ እጅ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከዚህ ቀጥሎ ያለው አሳቤ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የምጽፈው ስለ አንድ መሣሪያ ነው። ስሙ የሌዘር መቍረጫ ይባላል። በአገራችን ሌዘር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የቆዳ ጃኬትና የቆዳ ጫማ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ያጫወትሁት አንድ ወዳጄ «ታዲያ ቆዳ ለመቍረጥ መቀስ ጠፍቶ ነውን?» ሲል ጠየቀኝ። ቆዳውንስ በእርግጥ ይቈርጣል፤ ነገር ግን የሚቈርጠው በስለት ሳይሆን በብርሃን ነው። ይህን መሣሪያ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው በገዛ ቤታቸው ይሠሩታል። እኛም እዚህ አንኮበር ከተማሪዎች ጋር ሆነን አንድ ትንሽ ሠርተናል።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን መሣሪያው ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ተከምሮ አቧራ የሚጠጣ አሮጌ ማተሚያ አለ፤ በየገጠሩ ደግሞ «ጠይብ» እየተባለ ሲናቅ የኖረ እጅ አለ። እነዚህን ሁለቱን ምን እንደሚያገናኛቸው ለመግለጽ አስቀድሞ የመሣሪያውን አሠራር ማስረዳት ያስፈልጋል።

አምፖል የሚሰጠው ብርሃን እንደ ተፈታ ገበያ ነው፤ ሁሉም ወደየመንደሩ ይበተናል። የሌዘር ብርሃን ግን እንደ ማኅሌት ነው፤ መቋሚያው በአንድ ጊዜ ይነሣል፥ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ጽናጽሉም በአንድነት ይመታል። አንዱ ብርሃን ሌላውን ቀስቅሶ በእኩል እርምጃ አብሮት እንዲሄድ ሊያደርግ እንደሚችል አልበርት አይንሽታይን በ1909 ዓ.ም. በሒሳብ አሳይቶ ነበር። ዳሩ ግን ሒሳቡ ወደ ሥራ እስኪለወጥ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ አለፈ። አሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን ሩቢ ከሚባለው ቀይ ዕንቍ የመጀመሪያውን የሌዘር ብርሃን ያወጣው ግንቦት 8 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። በ1956 ዓ.ም. ገደማ የሕንድ ተወላጁ ኩማር ፓቴል በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራውን አስገኘ። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር ፒተር ሆልድክሮፍት በዚሁ በጋዝ ሌዘር ላይ ኦክስጅን እየነፋ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ብረት ቈረጠ።

ልጆች በማጉያ መነጽር የፀሐይን ብርሃን በአንዲት ነጥብ ሰብስበው ወረቀት ሲያቃጥሉ ያላየ ሰው የለም። የሌዘር መቍረጫም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ብርሃኑ እጅግ ጠባብ በሆነች ነጥብ ላይ መሰብሰቡ፥ ነጥቧም በተሰጣት ሥዕል ላይ በትክክል እየተጓዘች ማቃጠሏ ነው።

በቤት የሚሠሩት መሣሪያዎች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከመስታወት በተሠራ ቱቦ ውስጥ የታመቀ ጋዝ ያለው ነው። ኃይሉ ብዙውን ጊዜ 40 ዋት ያህል ነው፤ ቱቦው በውሃ ይቀዘቅዛል፤ ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፤ ከመስታወት ወደ መስታወት እየተንጸባረቀ ወደ ሥራው ይደርሳል። ሁለተኛው ዳዮድ የሚባለው ነው፤ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ሲሆን ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል፤ ኃይሉ ያነሰ ነው፤ ዋጋውም ያነሰ ነው። እኛ የመረጥነው ይህን ሁለተኛውን ነው። ካርቶን፥ ጨርቅና ቆዳ ይቈርጣል፤ ስስ ኮምፔርሳቶም ደጋግሞ ሲመላለስበት ይቈርጣል። ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ግን ሰማያዊው ብርሃን አልፎት ስለሚሄድ አንዳች አያደርገውም። ብረትማ የማይሞከር ነው።

የሥራው ጣዕም ያለው ግን በብርሃኑ ሳይሆን በእንቅስቃሴው ነው። ብርሃኑን ወደ ግራና ቀኝ፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያመላልሱት በየእርምጃው የሚዞሩ ትንንሽ ሞተሮች ናቸው። ብዙዎቹ አንድ ዙር የሚዞሩት በ200 እርምጃ ነው። በሞተሩ ላይ 20 ጥርስ ያለው መዘውር ቢኖር፥ የቀበቶውም ጥርስ ከጥርስ ያለው ርቀት 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፥ በአንድ ዙር 40 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ እንግዲህ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ አምስተኛ ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ክፍሉ እርምጃውን በ16 ሲያካፍለው ደግሞ አንድ ሰማንያኛ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከአሮጌ ማተሚያ የወጣው መዘውር ግን የጥርሱ ቍጥር ሌላ ስለሚሆን፥ ተማሪው ራሱ ቈጥሮ፥ ለክቶና አካፍሎ ማግኘት ይኖርበታል። በሰሌዳ ላይ ማካፈል ያስጠላው ልጅ እዚህ ላይ ሳይታዘዝ ሲያካፍል አይቻለሁ።

ማዕዘኑም እንዲሁ ነው። የመሣሪያችን አልጋ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ እንደ ሆነ ከጥግ እስከ ጥግ 50 ሴንቲ ሜትር መምጣት አለበት። 50 ካልመጣ፥ መሣሪያው ክብ ቍረጥ ሲሉት የተጣመመ ዕንቍላል ይቈርጣል። የፓይታጎራስን ሕግ ለፈተና ሲሉ የሸመደዱ ሁሉ እዚህ ላይ ለምን እንደ ተማሩት ያውቃሉ።

አንኮበር ላይ የሚያጋጥመውን ደግሞ ልጨምር። አገራችን ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። አየር ሲሳሳ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ከሽቦው እየዘለለ መፈናጠር ይቀልለዋል፤ ስለዚህ ከ15 ሺህ ቮልት በላይ የሚጠይቀው የጋዝ ቱቦ በደጋ አገር ከቆላው ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጉሙም ቢሆን በመነጽሩ ላይ ጤዛ ይጥላል፤ ሳይወለውሉ ማብራት መነጽሩን ማቃጠል ነው። መብራት ሲቋረጥም መሣሪያው የደረሰበትን ስለሚረሳ፥ መነሻውን ነጥብ አስቀድሞ በምልክት ማስቀመጥ ይገባል።

ከዚህ ሥራ ጋር አደጋ መኖሩን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ሰማያዊው የሌዘር ብርሃን ዓይን ውስጥ ቢገባ የዓይናችን ብሌን ራሱ ሰብስቦ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ስለሚያሳርፈው፥ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ሊያሳውር ይችላል፤ ከሚያብለጨልጭ ነገር ላይ ተንጸባርቆ የመጣውም እንደዚያው ነው። የፀሐይ መነጽር አያድንም፤ ለዚያው ብርሃን ዓይነት ተብሎ የተሠራ መነጽር ያስፈልጋል። መሣሪያው ብርሃን በማያሳልፍ ሣጥን ውስጥ መዘጋት፥ ክዳኑ ሲከፈትም ብርሃኑ በራሱ እንዲጠፋ መደረግ አለበት። ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክና ከእርሱ የተሠራውን ቆዳ መሳይ ነገር ፈጽሞ አለመቍረጥ ይገባል፤ ጢሱ ሳንባን የሚያቃጥልና ብረትን የሚያዝግ አሲድ አለበትና። የሚሠራውን መሣሪያ ትቶ መሄድም ቤት እስከ ማቃጠል ያደርሳል። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለዚህም ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ብርሃኑ በሚወጣበት አፍ አጠገብ አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ አለ። ጥቅሙ ጢሱን ከመነጽሩ ማራቅና ከሰለለው ስንጥቅ ውስጥ ብናኙን ጠርጎ ማውጣት ነው። ይህን ለተማሪዎች ሳስረዳ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ይህማ ወናፍ ነው!» አለ። እውነቱን ነው፤ ሆልድክሮፍትም በኦክስጅኑ ያደረገው የወናፍን ሥራ ነው፤ የጋለ ብረት ኦክስጅን ሲነፋበት ራሱ እየነደደ ለብርሃኑ ያግዘዋልና። ጓደኞቹ ዘወር ብለው ሲያዩት ግን ልጁ ወዲያው አቀረቀረ። አያቱ ማረሻና ቢላዋ የሚቀጠቅጡ ባለእጅ መሆናቸውን ያወቅሁት ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። የመሣሪያውን አልጋ ያለ መለኪያ በዓይኑ ብቻ አይቶ ወደየት እንደ ዘመመ የሚያውቀው ይኸው ልጅ ነው። ዕውቀቱን እንደ ነውር የሚደብቅ ልጅ በክፍላችን ተቀምጦ ሳለ፥ እኛ ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር ስብሰባ እንቀመጣለን።

የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ በነበረችው በዚችው በአንኮበር ተመሳሳይ ነገር ከብዙ ዘመን በፊት ደርሷል። ዲሜጥሮስ የሚባል ከውጭ የመጣ ባለእጅ በውሃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ ሠርቶ ነበር። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ካፒቴን ሐሪስ እንደ ጻፈው፥ የሰይጣን ሥራ ነው ስለ ተባለ ወፍጮው ብዙም ሳይሠራ ቆመ። በ1871 ዓ.ም. ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወደ አንኮበር ሲመጣ ደግሞ፥ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ጫማ እንዲሠራ፥ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ አዘዙት ይባላል። ንጉሡ የመሐንዲሱን ዕውቀት በእጁ ሥራ መመዘናቸው ነው። በ1900 ዓ.ም.ም ሠራተኛውን በሙያው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ ያስነገሩት እኒሁ ምኒልክ ናቸው። ዐዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልጁ ግን ዛሬም ያቀረቅራል።

በጋፋት የሆነውም ሊረሳ አይገባውም። ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ የሠሩት የወንጌል መልእክተኞች ከዚያ በፊት መድፍ ሠርተው የማያውቁ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ሳይሳካ ቀርቶ፥ እንደገና ሞክረው፥ እየተማሩ ነው የሠሩት። ነገር ግን በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በኋላ ባለእጆቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ መድፉ መቅደላ ላይ ቀረ። ዕቃው ቀርቶ ጥበቡ ሄደ ማለት ነው።

ዛሬም ይህ ነገር መልኩን ለውጦ ይታያል። ተሠርቶ የመጣ መሣሪያ በትምህርት ቤት ውስጥ ላስቲክ ለብሶ፥ ቍልፍ ተቈልፎበት ይቀመጣል፤ ቢበላሽ የሚጠግነው የለምና መምህሩም ለመንካት ይፈራል። ተገዝቶ የሚመጣውን መሣሪያ መቃወሜ አይደለም፤ ለፋብሪካ የሚሆነው እርሱ ነው። ነገር ግን አንዱን ከሥሩ የገጣጠመ ልጅ ተገዝቶ የመጣውንም ለመክፈት አይፈራም። የቤት ሥራው ትልቁ ትርፍ ይህ ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህ የልጅ ጨዋታ ነው፤ የተማረ ሰው ብሎን ሲፈታ መዋል አይገባውም» ይል ይሆናል። የኔ መልስ አጭር ነው፤ ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል የሚለው ተረት የደረሰብን እጅን ከትምህርት ስለ ለየን ነው። የሚሠራው ሳይማር፥ የተማረውም ሳይሠራ ኖረናል።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ልመናዬ ሦስት ነው።

አንደኛ፥ የዕቃ ግምጃ ቤታችሁን በር ከፍታችሁ እዩ። ከአገልግሎት ውጭ የሆነው ማተሚያ፥ በተለይ አሮጌው፥ በውስጡ በእርምጃ የሚዞሩ ሞተሮች፥ የተወለወሉ የብረት ዘንጎች፥ ጥርስ ያለው ቀበቶና መዘውር አለው። እኛ ከምንፈልገው ዕቃ የሚበዛው እርሱ ነው። የንብረት ማስወገድ ሥራ በእጃችሁ ያለ ሁሉ፥ ሕጉና ደንቡ በሚፈቅደው መንገድ ለአቅራቢያችሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሰጥ አሳስቡ። ቃለ ጉባኤው ለዓመታት ሲንከባለል ብረቱ ይዝጋል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ እንዳይሆን።

ሁለተኛ፥ በመሥሪያ ቤታችሁ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ካለ፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ትምህርት ቤት ብቅ ብሎ ልጆቹን ይርዳ። የተጣለውን ማተሚያ የሚከፍተውም አዋቂ ሰው ቢሆን መልካም ነው፤ ከጠፋ በኋላ እንኳ ኤሌክትሪክ ሊቈይበት ይችላልና።

ሦስተኛ፥ በቤታችሁ ልጆች ፊት የባለእጁን ስም በንቀት አትጥሩ። ይህ በጀት የማይጠይቅ፥ ፊርማና ማኅተምም የማያስፈልገው ነው።

በመሣሪያችን እስካሁን የቈረጥነው ክፍልፋይ የሚያስተምሩ ክብ ካርቶኖች፥ ጥርስ ያላቸው የእንጨት መዘውሮች፥ የፊደል ገበታና ለቆዳ ሠራተኛ የሚሆን የጫማ ልክ ነው። ትልቅ ነገር ነው ብዬ አልመካም። ነገር ግን የጫማውን ልክ የወሰደው ሰው እንዴት እንደሚሠራ ጠይቆን፥ መሣሪያው ፊት ቆሞ ብዙ ሰዓት ተመልክቷል። ያስረዳውም ያ ወናፍን የሚያውቀው ልጅ ነው፤ ሲያስረዳ አላቀረቀረም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአንኮበር