ቆላው ሽቅብ እየወጣ ነው፤ ጫፍ ላይ ያለውስ የት ይሂድ?

«የዓለም ሙቀት መጨመር» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የሚቀልጥ በረዶ ነው። እኛ አገር ግን ነገሩ በሌላ መልክ ይታያል፦ ሙቀቱ ተራራ ይወጣል።

ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያልን ተምረናል አይደል? ክፍፍሉ በዋናነት የከፍታ ጉዳይ ነው። 100 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ ብሎ ይቀዘቅዛል። ሒሳቡን ገልብጡት፤ ምድር በ1 ዲግሪ ስትሞቅ የለመደውን አየር የሚፈልግ ተክል ወይም እንስሳ 150 ሜትር ገደማ ወደ ላይ መውጣት አለበት። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እንዳለው 2024 እ.ኤ.አ. ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ገደማ ሞቆ ነበር። (ይሄ የአንድ ዓመት ቁጥር ነው፤ የረጅም ጊዜው አማካይ ትንሽ ዝቅ ይላል።)

መጀመሪያ ቡናን እንይ። በ2017 እ.ኤ.አ. «ኔቸር ፕላንትስ» ላይ የወጣ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት እንደሚለው፣ ምንም ካልተደረገ አሁን ቡና ከሚበቅልበት አካባቢ ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል። ያው ጥናት ደግሞ ቡናው ወደ ከፍታ ቢዛወርና ጥላ የሚሆነው ደን ቢጠበቅ፣ የሚመቸው ቦታ ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችል ይናገራል።

አሪፍ ዜና ይመስላል፣ ግን ቆይ። ከላይ ያለው መሬት ባዶ አይደለም፤ የሌላ ሰው ገብስ ወይም የከብት ግጦሽ ነው። ቡና ደግሞ ከተተከለ በኋላ ፍሬ እስኪሰጥ 3 እና 4 ዓመት ይፈልጋል። እስከዚያ ያ ቤተሰብ ምን ይበላል? ጥናት ላይ «ይዛወር» ማለት ቀላል ነው።

ሽቅብ የሚወጣው ቡና ብቻ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የቢሾፍቱ አካባቢን መረጃ አይቶ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ ቦታዎች እንደሚወጣ፣ ቀዝቀዝ ሲል እንደሚወርድ አሳይቷል። ወባ የማያውቀው ደገኛ ደግሞ ሰውነቱ በሽታውን አልለመደውም።

ግን በጣም የሚያሳዝነው ጫፍ ላይ የሚኖረው ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። የሚኖረው በባሌ፣ በሰሜን ተራሮችና በጥቂት ሌሎች ቦታዎች፣ በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የቀሩት ደግሞ 500 ገደማ ብቻ ናቸው። ፍልፈልና አይጥ ያድናል፤ እነሱም የሚበዙት በዚያ ብርዳም ሜዳ ላይ ነው። ከታች እርሻና ከብት ሽቅብ ይገፋሉ፤ ከሰው ጋር የሚመጡት ውሾችም የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፉበታል። ቀበሮው ወደ ላይ ቢሸሽ ቦታው እየጠበበ ይሄዳል፤ ራስ ዳሸን ራሱ 4,550 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል።

«እሺ፣ ዓለም ጭሱን ዛሬ ቢያቆምስ?» ሙቀቱ መጨመሩን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ ቶሎ ግን አይቀንስም። ከለቀቅነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊሉ ለብዙ መቶ ዓመታት አየር ላይ ይቆያልና። የኢትዮጵያ ድርሻ ከዓለም ልቀት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ተራራው ግን የእኛ ነው። በየስብሰባው የሚከራከሩበት የ1.5 እና የ2 ዲግሪ ልዩነት በእኛ ተራራ ሲለካ 80 ሜትር ገደማ ነው።